ከሜርሌ ጋር የምንሄድባቸው አገሮች

ኤፕሪል 27፣ እሑድ

ትናንት ከሆላንድ ተመለስን። ሜርሌን ኑርንበርግ ባቡር ጣቢያ ለእናቷ አስረከብኳት። «አስረከብኳት» ስል ልጄ ዕቃ ትመስላለች፤ ግን ቃሉ የጠበቆቹ እንጂ የኔ አይደለም። ዚልከ፣ የቀድሞ ባለቤቴ፣ ልጅቷን ገና ከመሳሟ «ምነው እንዲህ ገረጣሽ?» አለቻት። ለኔ ሰላምታም አልሰጠችኝ። አጠገቤ ካለው ምሰሶ ለይታ ያየችኝ አይመስለኝም።

ቱሊፑ አምሮ ነበር። ዘነበ፣ ነፋሱ ጃንጥላችንን ገለበጠው፣ ሜርሌንም አብዛኛውን መንገድ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። ቢሆንም አምሮ ነበር። ፎቶው ላይ ሁለታችንም እየሳቅን ነው።

ዛሬ የቀረውን ዓመት ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት። ለጰራቅሊጦስ ዕረፍት ስሎቬንያ፣ ሐይቁ ዳር። በበጋ የፖርቱጋሏ ፖርቶ፣ ባሕር። በመኸር ስኮትላንድ፣ ቅጠሉ ሲቀላ። በክረምት ፊንላንድ፣ ሌሊት ሰማዩ አረንጓዴ ሆኖ ሲወዛወዝ። የትኛው ባቡር፣ የትኛው አውሮፕላን፣ የትኛው ማደሪያ፣ ሁሉም ተጽፏል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ያለው አባት እነ ዚልከ ባሉበት ሬገንስቡርግ ውስጥ ፈልጋችሁ አምጡልኝ።

ችሎቱ ጁላይ 29 ነው። ዳኛዋ ሜርሌን ለብቻዋ ክፍል አስገብታ ትጠይቃታለች። ዚልከ የምትፈልገው ዕረፍቱ በሙሉ የሷ እንዲሆን ነው፤ «ልጄ ከአንተ ዘንድ የምትመለሰው ደክማ ነው» ትላለች። ባለፈው ዓመት ልጄን ይዛ ከካሰል፣ ከኔ ከተማ፣ ወደዚያ ከሄደች ወዲህ ለኔ የቀረኝ ዕረፍቱና አንዳንድ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ዕረፍቱንም ከወሰዱብኝ ልጅ የለኝም ማለት ነው። ሜርሌ እዚያ ክፍል ገብታ «ከአባቴ ጋር መሄድ እፈልጋለሁ» ማለት አለባት። አለቀ።

ሜይ 3

ሜርሌ ደወለች። ራሷ ደወለች! እንዲህ ተባባልን፦

«አባዬ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ካሰል ልምጣ?»

«ካሰል ምን አለ ብለሽ ነው?»

«አንተ አለሃ።»

«እኔማ ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ ስሎቬንያ። የሐይቁን ፎቶ አየሽው?»

«አየሁት። ቆንጆ ነው። ቤትህ ግን እንዴት ነው?»

«ቤት ቤት ነው። ውሃው እኮ ከታች ድንጋዩ እስኪታይ ድረስ ጥርት ያለ ነው!»

«እሺ» አለች። «ቆንጆ ነው» ያለችው እናቷ የአክስቴን ኬክ ስታመሰግን በነበረው ድምፅ ነው። የዛሬ ልጆች እንዲህ ናቸው፣ በቀላሉ ደስ አይላቸውም። አሥራ ሦስት ዓመት ክፉ ዕድሜ ነው።

እዚህ ማምጣት? የአከራዬ የወይዘሮ ሎማየር ምድር ቤት? መስኮቴ ከሣሩ ጋር እኩል ነው፤ ጠዋት የማየው የጎረቤቱን ድመት ሆድ ነው። የእርጥበቱ ሽታ ልብሴ ላይ ስለሚቀር ሥራ ቦታ ከሰው ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ። አልጋዋ አንዲት፣ ወንበሯም አንዲት። ለጊዜው ብዬ ነው የገባሁት። ልጄ «አባቴ ወድቋል» ብላ እንድታስብ አልፈልግም። ከእኔ ጋር ስትሆን የምታየው ዓለምን ነው፤ በቃ።

ሜይ 14

መሥሪያ ቤት። ሻይ ክፍሉ በር ላይ ደርሼ ሳልገባ ቀረሁ። ወይዘሮ ፔትሶልድ ናት፣ ከፊት ለፊቴ ያለው ጠረጴዛ ላይ የምትሠራው። እኛ የከተማውን የውሃ ቧንቧ ነው የምንነድፈው፤ እሷ ግን ከቧንቧው ይልቅ የሰው ሆድ ውስጥ ያለውን ትከታተላለች።

«ጁላይን ወሰደብኝ እኮ!» ትላለች። «የተማሪ አባት ነኝ ብሎ። የተማሪ አባት! ልጁማ እንደ መንጃ ፈቃድ ናት፣ ሲጠየቅ ብቻ ነው ከኪሱ የምትወጣው።»

ሳቁ። በጃንዋሪ የፈቃድ ሰሌዳው ሲዞር የተማሪ ልጅ ያለው ቅድሚያ ያገኛል፤ ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። እሷ ልጅ ከሌላት እኔ ምን ላድርግ? ጁላይ 7 እስከ 25 ብዬ ግድግዳዬ ላይ ያለውን የፋርማሲ ቀን መቁጠሪያ አይቼ ሞላሁ፣ አለቃችን ቪላንድ ፈረመ። እሷ ኦገስትን ያዘች።

ሻይ ሳልጠጣ ዋልኩ።

ሜይ 22

ከሕፃናት ጉዳይ ቢሮ አንዲት ወይዘሮ ኢምሆፍ የምትባል ደወለች። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እፈራለሁ። ለችሎቱ ሪፖርት እየጻፈች ነው።

«ሜርሌ እርስዎ ቤት የራሷ አልጋ አላት፣ አቶ ብሮዚየስ?»

«እኛ እንጓዛለን» አልኳት። «ሐይቅ ዳር አልጋ አላት። ፖርቶ አልጋ አላት። ባሕር የሚያሳይ።»

«ገባኝ። እቤትስ?»

«እቤት ምን ይሠራላታል? እቤትማ እናቷ ዘንድም አለ።»

ስትጽፍ ይሰማኛል። ከዚያ «ልጅቷ እርስዎ የሚበሉበትን ጠረጴዛ አይታ ታውቃለች?» አለችኝ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ለማን ይጠየቃል? ዕቅዱን በሙሉ ልላክልዎ አልኳት፣ አራቱንም ወቅት፣ ከነሰዓቱ። «አያስፈልግም» አለች። ላክሁላት።

ጁን 11

ባቡር ውስጥ። ኦስትሪያ፣ ፊላኽ ላይ ተያያዡ ባቡር አመለጠን። ሜርሌ ጉሮሮዬን አመመኝ አለች። ሻይ ገዛሁላት። ይሻላታል።

ጁን 12

ሐይቁ ልክ እንደ ፎቶው ነው! ሜርሌ ትኩሳት አላት። የማደሪያው ባለቤት፣ ወፍራም ደግ ሴትዮ፣ ግንባሯን ነክታ «ይህቺን ልጅ የትም አይውሰዷት» አለችኝ። ክፍሉ ግን ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው የተያዘው። ነገ ዋና ከተማው ሉብልያና ይጠብቀናል።

ጁን 13፣ ሌሊት

ወሰድኳት። ምን ላድርግ፣ ተይዟል፣ ተከፍሏል፣ አንዱ ከተናደ ሁሉም ይናዳል። ቅዳሜ ዋሻውን፣ እሑድ ባሕሩን፣ ሰኞ መመለሻውን። አውቶቡስ ውስጥ ጭንቅላቷን መስታወቱ ላይ አሳርፋ ነበር፤ መንገዱ በነቀነቃት ቁጥር ግንባሯ ቋ ይላል። ኮቴን አጣጥፌ በመሐል አስገባሁላት።

«አባዬ፣ ቤት ብንሄድስ?» አለች።

«የትኛው ቤት?» አልኳት፣ ልቀልድ ብዬ።

አልሳቀችም። ዓይኗን ጨፈነች። አሁን አልጋው ላይ ተኝታለች፣ እኔ የመታጠቢያ ቤቱን መብራት አብርቼ በሩ ሥር ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ትንፋሿ ይጮኻል። አባት ነኝ እላለሁ እኮ! የገዛ ልጄን በትኩሳት ተራራ ለተራራ ያንከራተትኩ። ግን አንድ ቀን እንኳ አልጋ ላይ ብንቀር ዳኛዋ ፊት ምን ብላ ታወራለች? «አባቴ ዘንድ ሄጄ ታምሜ ተኛሁ፣ አለቀ» ልትል?

ዋሻውን ሰረዝኩት። ባሕሩን አልሰረዝኩም።

ጁን 17

ትናንት ኑርንበርግ ላይ ዚልከ የልጅቷን ግንባር በመዳፏ ነካች፣ ከዚያ እኔን አየች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። አዲሱ ባሏ ኮርቢኒያን ሻንጣውን ከእጄ ተቀብሎ «መንገዱ እንዴት ነበር ሄኒንግ? ደክሞሃል፣ ትንሽ አረፍ በል» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው አይጠላም፤ እኔ ግን ጠላሁት።

ጁን 24

ወይ ጉድ። ወይ ጉድ። ወይ ጉድ።

ለሜርሌ ደውዬ «በጁላይ ፖርቶ!» አልኳት። «በጁላይማ ትምህርት አለኝ አባዬ» አለችኝ። «የኛ የሚዘጋው ኦገስት አንድ ነው።»

ስልኩን እንደያዝኩ ቀን መቁጠሪያው ፊት ቆምኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ግድግዳዬ ላይ የሚሰቀለው የፋርማሲው ቀን መቁጠሪያ ነው፤ በየዓመቱ ገና ሲደርስ መድኃኒት ለገዛ ሁሉ ይሰጣሉ። ዕረፍቱ በቢጫ ቀለም ተሰምሯል። የሄሰን ዕረፍት! ፋርማሲው ካሰል ነው፣ ካሰል ሄሰን ነው። ልጄ ባቫሪያ ናት። ክፍለ አገሩ ሁሉ ትምህርት ቤቱን በየራሱ ቀን እንደሚዘጋ፣ ባቫሪያም ሁሌ መጨረሻ እንደምትሆን በዚህ አገር የማያውቅ አለ? እኔ! በጃንዋሪ ፈቃዱን ስሞላ እጄ በልማድ ሄደ። እጄ ሜርሌ አሁንም እዚህ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት የምትሄድ መስሎት።

«ፓርቶውን ለሌላ ጊዜ እናድርገው?» አለችኝ። ፖርቶ ነው ብዬ አረምኳት። ምን አስቸኮለኝ ለማረም?

ጁን 25

ፔትሶልድን ለመንኳት። ቡና ይዤላት ሄድኩ፣ በሕይወቴ የመጀመሪያው።

«ወይዘሮ ፔትሶልድ፣ ኦገስትን በጁላይ ቢቀይሩልኝ...»

ጠጣች። ቀስ ብላ ነው የጠጣችው። «አቶ ብሮዚየስ፣ እኔ በጃንዋሪ ጁላይን ስለምንዎት ምን አሉኝ? 'ልጅ ሲኖርዎት ይገባዎታል' አሉኝ።»

«እንደዚያ ብያለሁ?»

«ብለዋል። እህቴ ዘንድ ሰሜን ባሕር ልሄድ ነው፣ ኦገስትን ይዣለሁ። እህቴ ለካንሰሯ ኬሞ ስትገባ አብሬያት ልሆን ነው። የተማሪ ልጅ ስለሌለኝ ግን ቅድሚያ የለኝም።»

አላውቅም ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ እህት እንዳላት አላውቅም ነበር። ቪላንድን ጠየቅኩት፤ «ሰሌዳው ተዘግቷል፣ ሄኒንግ፣ የአንተን ብነካ የሁሉንም ልነካ ነው» አለኝ። ፔትሶልድ ቡናዬን ግን ጠጥታ ጨረሰችው።

ጁላይ 8

ፈቃድ ላይ ነኝ። ምድር ቤት። ድመቱ መጣ፣ አየኝ፣ ሄደ።

ወይዘሮ ሎማየር በሩን አንኳኩታ የቼሪ ኬክ አመጣችልኝ። ባሏ የሞተባት ናት፣ ሰማንያ ሊሆናት ነው፤ ደረጃውን እየተንፏቀቀች ነው የወረደችው። «ዕረፍትዎን እዚህ ነው እንዴ? ልጅዎስ? እስኪ አምጧት፣ ላይ ቤት ሰፊ ሶፋ አለኝ፤ የሰው ድምፅ ናፍቆኛል።» ግድግዳውን አየች፣ መነጽሯን አውልቃ እንደገና አየች። «ይሄን ሁሉ አገር!» አለች። «ምነው ይሄ የኛ ቤት ብቻ አልተለጠፈ?»

አመሰገንኳት። እንደ ችግረኛ ሶፋ ላይ ልጄን አላስተኛም አልኩ በሆዴ። ኬኩ ጥሩ ነበር።

ለችሎቱ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አሁን ሜርሌ የምታስታውሰው ስሎቬንያን ነው፤ ትኩሳቱን፣ አውቶቡሱን። በዚያ አፏ ዳኛ ፊት አትገባም። አንድ ጥሩ ነገር ያስፈልጋል። አንድ ብቻ።

ጁላይ 12

የፖርቶውን ትኬት አዛወርኩት። ዓርብ ጁላይ 18 ጠዋት ከኑርንበርግ፣ እሑድ ማታ መልስ። ቅዳሜና እሑዱ የኔ ተራ ነው፣ ዚልከ ምንም አትልም። የምትቀረው አንዲት ዓርብ ናት። ዓርብ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ መንገድ ላይ እቀበላትና ለትምህርት ቤቱ ደውዬ ሆዷን አሟታል እላለሁ። ማን ይሞታል?

ለሜርሌ ደውዬ ነገርኳት። «ዓርብ የክፍላችን የመጨረሻ የቲያትር ልምምድ ነው።»

«ባሕር እኮ ነው ሜርሌ! አንቺና እኔ ብቻ!»

«ለአንተ በጣም ያስፈልግሃል አይደል?»

«ለአንቺ ነው እንጂ!»

«እሺ አባዬ» አለች። እሺ ነው ያለችው። እሺ ማለት እሺ ነው።

ጁላይ 18

አልበረርንም።

መሳፈሪያው በር አጠገብ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። በባቫሪያ ዕረፍቱ ሲቃረብ ከትምህርት የሚቀሩ ተማሪዎችን ለመያዝ እንደሚቆሙ እንኳን እኔ ድመቱ ያውቃል። አንዷ ሴት ናት፣ ፈገግተኛ።

«እንደምን አደራችሁ! ወዴት ነው?»

«ፖርቶ» አልኩ።

«ደስ ሲል! ስንተኛ ክፍል ነሽ የኔ ቆንጆ?»

«ሰባተኛ።»

«እኛ ከሄሰን ነን» አልኩ፣ ሳትጠይቀኝ። «ሄሰን ተዘግቷል።»

«እርስዎ ከሄሰን ነዎት። አንቺስ?»

ሜርሌ እኔን አየችኝ። መታወቂያዋ ፖሊሷ እጅ ውስጥ ነው፣ ሬገንስቡርግ ይላል። ከዚያ ልጄ ቀይ ሆና፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ «አሞኝ ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል። አባዬ አያውቅም። እኔ ነኝ የዋሸሁት» አለች።

እኔ ዝም አልኩ።

ፖሊሷ ትምህርት ቤቱ ጋ ደወለች። «የደወሉት አባቷ ነኝ ብለው ነው?» ስትል ሰማኋት። ስልኩን ዘግታ ስትመለስ ፈገግታው የለም። ሜርሌን አልተቆጣቻትም፤ ወንበር ሰጥታት ውሃ አመጣችላት። ለኔ የቅጣት ወረቀት ሰጠችኝ።

ዚልከ መጣች፣ ኮርቢኒያን እየነዳ። እሱ ትኩስ ብሬትሰል ዳቦ በከረጢት ይዞ ነበር። «ና ብላ ሄኒንግ፣ ከጠዋት አልበላህም ይሆናል» አለኝ። በላሁ። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ርቦኝ ነበር። ሜርሌ የኮርቢኒያን መኪና ውስጥ ገባች፤ ኋላ ወንበር ላይ የሷ ትራስ አለ።

ጁላይ 20

ዝም ያልኩት ምን ያህል ነው? አንድ ደቂቃ? ሁለት? «እኔ ነኝ፣ ልጄን ተዉአት» ለማለት የሚበቃ ጊዜ ነበር። አፌ ተከፍቶ ነበር፤ አየር ገባበት፣ ቃል አልወጣበትም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄን አስተማርኳት፦ ለአባትሽ ዋሺለት። ሰው ለገዛ ልጁ እንዲህ ያደርጋል?

ሁለት ጊዜ ደወልኩላት። ዚልከ ናት ያነሳችው። «ማክሰኞ ሳምንት ችሎት እንገናኝ» አለች።

የፊንላንዱን ወረቀት አስተካከልኩት። ባቡሩ በሌላ መስመር ቢሆን ይሻላል።

ጁላይ 29

ዳኛዋ ወጣት ናት። ሜርሌን ወደ ውስጥ ይዛት ስትገባ በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። እኔ፣ ዚልከና ወይዘሮ ኢምሆፍ ኮሪደሩ ላይ ተደረደርን።

ወጡ። ተጠራን። ዳኛዋ ወረቀቷን ሳታይ ነው የተናገረችው፦ «ሜርሌ ከአባቷ ጋር ጉዞ መሄድ አትፈልግም። ግፊት ስለመኖሩ ጠይቄያታለሁ፤ የለም። እስከ ገና ድረስ ዕረፍቶቹ ከእናቷ ጋር ይሆናሉ። አባት በወር ሁለት እሑድ ሬገንስቡርግ መጥቶ ያያታል።» ቀጥላ «አቶ ብሮዚየስ፣ ልጅቷ የተናገረችው ይህን ብቻ አይደለም። የቀረውን እሷ ራሷ ብትነግርዎ ይሻላል። ይጠይቋት» አለችኝ።

ኮሪደሩ ላይ ሮጬ ደረስኩባት። መጠየቅ ነበረብኝ። ለመጠየቅ ነበር የሮጥኩት፤ አምላክ ምስክሬ ነው። አፌን ስከፍት የወጣው ግን «ለገና እኮ ያበቃል! ከገና በኋላ ፊንላንድ እንሄዳለን፣ ሰማዩ አረንጓዴ ነው፣ አስተካክዬዋለሁ፣ በሌላ ባቡር ነው» የሚል ነው።

ሜርሌ ማልቀስ ጀመረች። ዚልከ ልትመጣ ስትል በእጇ አቆመቻት።

«አባዬ» አለች፣ «አንተ የት ነው የምትኖረው?»

«ካሰል ነዋ።»

«ካሰል የት?»

«ከመሃል ከተማው ብዙም...»

«ክፍልህ ስንት መስኮት አለው? ማታ ምን ትበላለህ? ዳኛዋ 'አባትሽ ቤት ምን ይመስላል?' ብትለኝ የምመልሰው አጣሁ። ሆላንድን ነገርኳት። ስለ አንተ ነው የጠየቅኩሽ አለችኝ።» በእጅጌዋ አፍንጫዋን ጠረገች። «እናቴ ስትታመም ምን እንደምትጠጣ አውቃለሁ። የኮርቢኒያን ካልሲዎች የት እንዳሉ አውቃለሁ። የአንተን ምንም አላውቅም። ሁሌ ባቡር ነን።»

«ቤቱ ለጊዜው ነው ሜርሌ፣ የሚታይ አይደለም፣ የተሻለ እስካገኝ ድረስ...»

«እሺ» አለች። ያችኑ እሺ። እናቷ ትከሻዋን አቅፋ ወሰደቻት። ደረጃው ላይ አልዞረችም።

ኦገስት 1፣ ዓርብ

ዛሬ ባቫሪያ ተዘጋ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ፔትሶልድ ሰኞ ወደ እህቷ ልትሄድ ጠረጴዛዋን ታጸዳለች።

ጠዋት ከቤት ስወጣ ግድግዳውን ላወርደው ብዬ እጄን አነሳሁ፣ ተውኩት። ምን ዋጋ አለው፣ ባወርደውም የሚያየው የለም።

ምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ ቆሜ ሜርሌ ጋ ደወልኩ። አላነሳችም፤ መልእክት ይተዉ አለኝ። እንዲህ አልኩ፦ «ሜርሌ፣ አባትሽ ነኝ። ሆልበይን መንገድ፣ ቁጥር ዐሥራ አንድ። በጓሮ በኩል ነው በሩ፣ ወደ ታች ነው የሚወረደው። መስኮቱ አንድ ነው፤ ከሣሩ እኩል ስለሆነ ብዙ ብርሃን አያስገባም። ይሸታል፣ እርጥበት ነው። ማታ ማታ ዳቦ በአይብ ነው የምበላው፣ ቆሜ፣ ምክንያቱም ወንበሩ ላይ ልብስ አለ። አልጋው አንድ ነው። የት እንደምትተኚ ገና አላውቅም።» ከዚያ ሌላ ነገር ልጨምር ነበር፣ አገር፣ ወቅት፣ አንድ ነገር። አፌን በእጄ ያዝኩት። ከዚያ «ኤርፖርቱ ላይ ዝም ስላልኩ ይቅር በይኝ» አልኩ፣ ስልኩ ግን ከዚያ በፊት ቀድሞ ተዘግቶ ነበር፤ የመልእክቱ ጊዜ አልቆ።

«አቶ ብሮዚየስ» አለችኝ ፔትሶልድ ከመስኮቱ፣ «ፀሐዩ ይመታዎታል፣ ይግቡ እንጂ።» ገባሁ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ አኖርኩት። እሷም አየችው፣ መጋረጃውን ሳበችልኝ።

አሁን ምሽት ነው። እስካሁን አልደወለችም።